ነፃ ብረት

ጉደታ ፍሪጅ ብቻውን ይሸከማል። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ደማም፣ አል አዳማ ሰፈር፣ የቤት ዕቃ እያጓጓዙ ከሚኖሩት ሐበሾች መካከል ጉልበተኛ ሞልቷል፤ እንደ ጉደታ ስለ ጉልበቱ የሚያወራ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ፍሪጁን በጀርባው አዝሎ፣ መጫኛውን ትከሻውና ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ጠባቡን ደረጃ እየተጠማዘዘ አራተኛ ፎቅ ያደርሰዋል። ከኋላው አብዱሽኩር ይከተላል። አብዱሽኩር የጭነት መኪናዋ ሾፌር ነው፤ የከሚሴ ልጅ፣ ቀጭን፣ ከአፉ ቃል በመከራ የሚወጣ። ሁለት እጁን ወደ ፍሪጁ ግርጌ ዘርግቶ ነው ደረጃውን የሚወጣው። ለምን ሲሉት «ለክፉም ለደጉም» ይላል። ጉደታ ይህን ከሥራ አይቆጥረውም።

ዕቃው ከወረደ በኋላ ስብከቱ ይጀመራል። ጉደታ ነቀምቴ ሳለ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ እየሞላ፣ በብረት ቱቦ እያያያዘ ሲገፋ ያደገ ሰው ነው። የስፖርት ማሽን የሚሉትን ነገር ሳያየው ናቀው፤ ካየው በኋላም ንቀቱን አላነሳም።

«ማሽን ላይ ተቀምጠህ ብትገፋ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። «ብረቱ በሐዲድ ነው የሚሄደው። ሊወድቅ አይችል፣ ሊያመልጥህ አይችል። ሰውን ሰው የሚያደርገው በነፃ የሚወዛወዝ ዕቃ ነው። እሱ ወደ ግራ ሲል አንተ ወደ ቀኝ፤ ማንም አይዝልህም።»

«እሺ» ይላል አብዱሽኩር፣ የመዳፉን አቧራ በሱሪው እየጠረገ።

እንግዲህ ነፃ የሚለው ቃል የዚህን ሰው ኑሮ ሲያምስ የኖረ ቃል ነው። ወደ ሳውዲ የመጣው ሚስቱን ተከትሎ ነበር። ሌላው ሚስቱን አገር ቤት ትቶ ይሰደዳል፣ ጉደታ አገሩን ትቶ ሚስቱን ፍለጋ ተሰደደ፤ ይህ ራሱ ለወሬኞች ቀለብ ሆኗል። ሚስቱ የምስራች ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ስትመጣ «ሁለት ዓመት ምን አላት» ተባብለው ተለያዩ። ሁለቱ ዓመት አልቆ ሲታደስ ጉደታ አላስችል አለውና ፍሪ ቪዛ ገዛ።

ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን ዓይነት ቀልደኛ እንደሆነ እንጃ። ፍሪ ቪዛ ሲገዙት ነፃ አይደለም፤ ከገዙትም በኋላ ነፃ አያወጣም። በኢቃማው፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ጉደታ ሑፉፍ ከተማ የሚኖር የአንድ ካፊል፣ የአንድ ዋስ አሠሪ፣ ሠራተኛ ነው። ካፊሉ ግን የሚያሠራው ሥራ የለውም፤ «ሂድ፣ የትም ሠርተህ ብላ፣ ኢቃማህ ሲታደስ ግን እንዳትረሳኝ» ብሎ ለቆታል። ጉደታ ሰውየውን በዓይኑ ያየው አንድ ጊዜ ነው። ደህና ሰው ይመስላል ይላል።

ደግሞም አልከፋውም። ዓርብ ዓርብ የምስራች ለጥቂት ሰዓት ትወጣለች። ጴንጤዎች ናቸውና፣ እዚያው መዝሩዒያ፣ ተክሉ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ይሰበሰባሉ። መጋረጃው ይዘጋል፣ ቴሌቪዥኑ ጮክ ይላል፣ ሃሌሉያው በሹክሹክታ ይባላል። ከጸሎት በኋላ ሁለቱ ኩሽናው ውስጥ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ሌላ የትዳር ኑሮ አልነበራቸውም። «ጉዴ» ትለዋለች፤ ስሙን ማቆላመጧ ይሁን ጉዷን መቁጠሯ፣ ጠይቋት አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ፎቅ የሚወጣው ፍሪጅ ሁሉ ለዚያች ሻይ ሲባል ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 የጸደይ ወራት ወሬው መጣ። ኢቃማው ላይ ለተጻፈው ካፊል የማይሠራ ሁሉ፣ ወይ የሚያሠራው ሰው በስሙ ያዛውረው፣ ወይ አገሩ ይግባ። የምሕረት ጊዜ ተሰጠ፤ በዚያ ውስጥ የወጣ ቅጣት የለበትም፣ ያለወረቀት የቆየ ይያዛል። ነፃ ቪዛ የሚባለው ነገር በአንድ ጀንበር ኸላስ፣ አበቃለት፣ ሆነ። የምስራች ወረቀቷ ሙሉ ነው፣ አትነካም። ጉደታ ግን በስሙ የሚያዛውረው ሰው ካላገኘ ከሚስቱ ሊለይ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

በዚያው ሰሞን ኾበር፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ ለአዲስ የስፖርት ክለብ ማሽን እንዲያደርሱ ታዘዙ። ማሽኖቹ የሚያብረቀርቁ፣ ባለ ቀይ ትራስ፣ የሆስፒታል ዕቃ የሚመስሉ ነበሩ። ጉደታ አንድ በአንድ በንቀት ተሸክሞ ሁለተኛ ፎቅ አወጣቸው። ምድር ቤት በስተጥግ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ዳምቤልና ባዶ ብረት ተደርድሮባታል። ከበሯ በላይ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

«ምን ይላል?» አለ ጉደታ።

አብዱሽኩር ዐረብኛ ማንበብ ቁርአን ቤት ተምሯል። «አውዛን ሑራ» ሲል አነበበ። «ነፃ ክብደት ማለት ነው።»

ጉደታ እንግሊዝኛውን ራሱ አየ። «ፍሪ» ይላል። ፍሪን ያውቃታል፤ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ሁለት ለገዛ አንድ የምትጨመረው እሷ ናት።

«አየህ» አለ፣ ልቡ ቅቤ እየጠጣ። «ማሽኑን ያስከፍሉበታል፣ ይሄን ለድሃ በነፃ ለቀውታል። እነዚህ ሰዎች እኮ ሰደቃ ይወዳሉ።»

አብዱሽኩር አሰበበት። «ወላሂ፣ ሊሆን ይችላል» አለ።

አሁን እስቲ በማን ይፈረዳል? በእኛ ቋንቋ ከእስር የተፈታም ነፃ ነው፣ ሳይከፈልበት የተበላ ዳቦም ነፃ ነው። ዐረቡ ግን ለዳቦው ሌላ ቃል አለው፤ በላሽ ይለዋል። ጉደታ በላሽ የሚለውን ቃል ከገበያ በደንብ ያውቀዋል፤ ሑራ ከሱ የተለየ መሆኑ ግን በሐሳቡም አልመጣለትም።

ክለቡ ተከፍቶ ሰው መግባት እንደጀመረ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ጉደታ እጅጌ የሌላት ካናቴራውን ለብሶ፣ ሸራ ጫማውን አጥቦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ባለቤቱ አቡ ፋሪስ ራሱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጉደታ ሰላምታ ሰጠና በሰባራ ዐረብኛው፣ «ለነፃው ነው የመጣሁት» አለ።

«ለምኑ?»

«ለሑራው» አለና ወደ ጠባቧ ክፍል ጠቆመ። «ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ ሥራ ነው የሠራችሁት።»

አቡ ፋሪስ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ እንባውን በራስ መሸፈኛ ሽማጉ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ አስረዳው። ሑራ የተባለው ብረቱ ነው፤ በገመድ አልታሰረም፣ በሐዲድ አይሄድም፣ ወደፈለገው ይወዛወዛል።

«ነፃው ብረቱ ነው፣ ያ ሐበሺ» አለው። «አንተ አይደለህም።»

ጉደታ እስከ ጆሮው ጋለ። ስለ ነፃ ዕቃ ዕድሜ ልኩን ሲሰብክ ኖሮ፣ ስሙን ሲያገኘው አለማወቁ ይበልጥ አሳፈረው። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ሊወጣ ሲል አቡ ፋሪስ ጠራው። ፎጣው ሲነሣ ሥሩ ያለውን ትከሻ አይቷል።

አቡ ፋሪስ የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ያለ የሌለ ሀብቱን ማሽኑ ላይ አፍስሶ፣ የኾበር ጎረምሳ ግን ማሽኑን «የሽማግሌ ወንበር» እያለ ያልፈውና እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይጋፋል።

«በማሽን የተሠራ ሰው ያስፈልገኛል» አለ።

«እኔ በማሽን አልተሠራሁም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

«ኢቃማህ እንዴት ነው?» ሲለው ግን ጉደታ ማወቁን ተወው።

ስምምነቱ ይህ ሆነ። ጉደታ ክለቡን ያጸዳል፤ በተረፈው ሰዓት ማሽን ላይ ተቀምጦ ይገፋል፤ ይህን ጡንቻ በስንት ጊዜ አመጣህ ያለውን ሁሉ «ሸህረይን»፣ በሁለት ወር፣ ብሎ ይመልሳል። ነፃው ክፍል ከመጥረግ በቀር እግሩ አይረግጥም። አቡ ፋሪስ ደግሞ የምሕረቱ ጊዜ ሳያልቅ በስሙ ያዛውረዋል። ወደ ውጭ በሚያየው መስኮት ላይ ትልቅ ፎቶው ተለጠፈ። ፊቱ የለበትም፤ ክለቡ የፈለገው ከአንገት በታች ያለውን ነውና። ትከሻው ላይ መጫኛው የተወለትን ጠባሳ ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር አጠፋለት።

የዚያን ዓርብ ጉደታ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ኩሽና ውስጥ ለሚስቱ አሳያት።

«ይሄ ማነው?» አለች የምስራች።

«እኔ ነኛ!»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «የኔ ባል ትከሻው ላይ የገመድ ጠባሳ አለው» አለች። «እሱን እኔ ነኝ ቅባት የቀባሁት።»

«አጠፉት። ለማስታወቂያ ነው።»

«አንተስ ዝም አልካቸው?»

«የምስራች፣ ኢቃማ ነው እኮ» አላት። እሷም ሻይዋን ጠጣች።

ሳምንቱን ቆይቶ ተክሉ ከጸሎቱ መሐል ቀና ብሎ «ወንድም ጉደታ፣ ጌታ የሥራ በር እንደከፈተልህ ሰምተናል፤ እስቲ ምስክርነትህን ስጠን» አለው። ጉደታ ተነሥቶ ቆመ። በጭንቀቱ ወራት እንዴት እንደጸለየ፣ እንዴት ያልጠበቀው ሰው እንደጠራው ተናገረ፤ ጥሩ ነበር፣ ሁለት ሴቶች አለቀሱ። በመጨረሻ አንዱ «በስንት ጊዜ ውስጥ መልስ አገኘህ?» ብሎ ጠየቀው። «በሁለት ወር፣ በማሽን» አለ ጉደታ፣ አፉ እንደለመደው። በዚያ ቤት ጮክ ብሎ መሳቅ አይቻልምና ጉባኤው ሁሉ አፉን በነጠላና በትራስ አፍኖ ተንሰፈሰፈ። የምስራች ግን አንገቷን ደፍታ የምንጣፉን አበባ ትቆጥር ነበር።

ጉዱ ግን ወዲህ ነው። ጉደታ ማሽኑ ላይ ዕለት ዕለት ሲገፋ ሰነበተና አበጠ። ደረቱ ሰፋ፣ ክንዱ ካናቴራውን ወጠረው፣ ጀርባው ክንፍ አወጣ። ውሸቱ እውነት ሆነበት። መቼም ሐቁን መናገር ይሻላል፤ ጡንቻ ብረቱ በሐዲድ መጣ በነፃ መጣ ብሎ የሚያጣራው ነገር የለውም፣ ከገፉት ያድጋል። ጉደታ መጀመሪያ በነገሩ ተናደደ፤ ከመስታወቱ ፊት መቆም ሲያበዛ ንዴቱ ለቀቀው። ቀጥሎ ደግሞ ሃይማኖቱን ቀየረ።

«ሳይንሱ ማሽን ነው» ይለዋል አብዱሽኩርን፣ ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ሲሸከም ውሎ ሊጠይቀው ሲመጣ። «ብረቱ መንገዱን ያውቃል። አንተ መግፋት ብቻ ነው። ምን አስፈለገ ግራ ቀኝ መንገላታት?»

«እሺ» ይላል አብዱሽኩር። መዳፉ ከድሮው ይበልጥ ሻክሯል።

የማዛወሩ ነገር ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ጉደታ ሲጠይቅ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ»፣ ነገ፣ ይባላል። ምሕረቱ ሲራዘም «ምን አስቸኮለህ፣ ተራዝሟል» ተባለ። ምሕረቱ ሲራዘም «ምን አስቸኮለህ፣ ተራዝሟል» ተባለ። ሐጅ አልፎ የተራዘመውም ሊያልቅ ሲቃረብ አቡ ፋሪስ ቢሮ ውስጥ አስቀምጦ ሻይ ቀዳለት፤ ሻይ ከቀዱልህ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ለካ መንግሥት ድርጅቶችን በቀለም መድቧቸዋል። በቂ የአገሩን ሰው የቀጠረ አረንጓዴ ነው፤ ያልቀጠረ ቀይ ነው፣ ቀይ ደግሞ የውጭ ሠራተኛ ወደ ስሙ ማዛወር አይችልም። ክለቡ ከመጀመሪያው ቀይ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለ ጉደታ።

«አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ አቡ ፋሪስ። ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ፎቶው ግን ከመስኮቱ አልወረደም።

ጉደታ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። የምስራች ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። የማዳሟ እናት ሐጃ ሙኒራ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ከባድ አሮጊት፣ ከፎቁ ክፍላቸው ንቅንቅ አልልም ብለው ይኖራሉ። ለኩላሊታቸው ሆስፒታል በሄዱ ቁጥር በወንበር ተሸክመው የሚያወርዷቸው ሁለት ባንግላዴሾች ነበሩ፤ ሁለቱም በዚሁ የወረቀት ግርግር ሄዱ። የማዳም ባል የአንድ ሰው ቦታ አለው፤ ሰውየው ከተገኘ በማግሥቱ ያዛውረዋል። የምስራች በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉራ ነፋች።

«ባሌ ፍሪጅ ብቻውን ይሸከማል» አለች።

ጉደታ በቀጠሮው ቀን መጣ። ያመጣው አብዱሽኩር ነው፤ ለራሱም የሚያዛውረው ሰው ፍለጋ ሲባዝን ሰንብቶ ተስፋ ሊቆርጥ ደርሷል። የሚወጣ ዕቃ ስለሌለ መኪናው ውስጥ ቀረ። ማዳም የጉደታን ክንድ አየችና «ማሻአላህ» አለች። ሐጃ ግን ከወንበራቸው ሆነው ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

ጉደታ ከፊት ለፊት ቆሞ፣ የወንበሩን እጀታዎች ጨብጦ፣ ወደ ደረቱ ሳባቸው። ተነሡ። ጉልበቱ አለ፣ ማንም ሊክደው አይችልም፤ አሮጊቷ ከነወንበራቸው ደረቱ ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ኋላው እየተራመደ አንድ ሁለት ደረጃ ወረደ። የምስራች ከላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። ከመታጠፊያው ሲደርሱ ሐጃ መስኮቱ ላይ አቧራ አዩ። አቧራ አይተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፤ የምስራችን ሊቆጡ ወደ ግራ ዞሩ፣ ክብደታቸውም አብሯቸው ዞረ። ድሮ ቢሆን ጉደታ ወደ ቀኝ ይል ነበር። አሁን ሰውነቱ ሐዲዱን ጠበቀ።

ሐዲድ የለም። ጉደታ ተንገዳግዶ ደረጃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ግድግዳውን ታክኮ ተንጋደደ፤ ሐጃ «ያ ረብ!» ብለው ጮኹ። የምስራች መደገፊያውን ከላይ አንቃ ያዘች። አብዱሽኩር ጩኸቱን ሰምቶ እየበረረ ገባ፤ ሁለት መዳፉን ወንበሩ ግርጌ ሰደደ። አሮጊቷ ወደ ግራ ሲሉ እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ግራ እያለ፣ የምስራች ከላይ እየያዘች፣ እንደተቆጡ መሬት አሳረፋቸው።

ሐጃ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ሃዛ ዘይን» አሉ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ አብዱሽኩርን እያሳዩ። ከዚያ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ጉደታን አዩና «ያኛው ለማየት ነው» አሉ።

ማዳም አብዱሽኩርን «ኢቃማህ እንዴት ነው?» አለችው።

አብዱሽኩር ቀና ብሎ ጓደኛውን አየ። «ማፊ፣ የለም» አለ። «ሥራው የሱ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ።»

ጉደታ ግን የአብዱሽኩርን መዳፍ እያየ ነበር። ስንት ፎቅ፣ ስንት ፍሪጅ፣ ያ መዳፍ ከግርጌው ነበር። አንድም ቀን ብቻውን ተሸክሞ አያውቅም። ማንም አይዝልህም እያለ ሲሰብክ ከኋላው ተይዞ ነበር የሚወጣው፤ በነፃ የሚወዛወዘው የሱ ዕቃም ሐዲድ ነበረው፣ ስሙም አብዱሽኩር ይባላል። ሚስቱ ከደረጃው ላይ እንዳለች ነች፤ ዓይኗን ለማየት አልደፈረም።

«ሥራውን ያዝ፣ አብዱሽኩር» አለ። «ድሮም የያዝከው አንተ ነህ።»

አብዱሽኩር ያን ዕለት አለቀሰ። ጉደታ አላለቀሰም፤ ያለቀሰው በመጨረሻው ዓርብ፣ ተክሉ ኩሽና ውስጥ፣ የምስራች ካናቴራውን ከትከሻው ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን ስትዳስስ ነው። ውሏ ገና አላለቀም፤ መቼ እንደምትመጣ አታውቅም። «እዚሁ ነው» አለች፣ ጠባሳውን። «አልጠፋም።»

ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ሊያስመታ ፓስፖርት ቢሮ ሲሰለፍ ተረኛው መኮንን ክንዱን አየና ፊቱ ፈካ። ወጣት ነው፣ እሱም ብረት የሚገፋ ይመስላል።

«ይሄን የት ሠራኸው? በማሽን ነው በነፃ ብረት?»

ጉደታ «ሸህረይን» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ከእንግዲህ ለማን ብሎ?

«ፍሪጅ በመሸከም» አለ። «ብቻዬን ግን አይደለም።»

መኮንኑ ሳቀ፤ አላመነውም። «ሚስጥርህን መናገር አትፈልግም ማለት ነው» ብሎ ማኅተሙን መታለት። ጉደታ ቅጣት እንዳለበት ጠየቀ። የለበትም፤ ምሕረቱ አላለቀም። «በላሽ» አለው መኮንኑ፣ ፓስፖርቱን በመስኮቱ እያቀበለ።

ከበር እንደወጣ ስልክ ደወለ። የምስራች ወዲያው አነሣችው፤ ይዛው ስትጠብቅ ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ስንት አስከፈሉህ?»

«ምንም» አላት። «በነፃ ነው።»

ከኋላዋ የሐጃ ሙኒራ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ አቧራ እየተቆጡ ነው።

«ጉዴ» አለች የምስራች፣ ስልኩንም አልዘጋችውም።